የሰሊጥ መጋዘኑ ብርድ

መተማ፣ ጥር 9 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ለአቶ አዛናው፣

እርስዎም እማማ ሀብትነሽም እንደምን ከረማችሁ? እኛ ሙቀቱን ካልቆጠርነው ደህና ነን። ለገና የላኩት ደብዳቤ በአውቶቡሱ ሾፌር እጅ ደርሶናል። አይናዲስ አንብባ ስትጨርስ አጥፋ ትራሷ ሥር አስገባችውና መልሱን አንተ ጻፍ ብላ ለእኔ ጣለችው። ከሁለት ዓመት ዝምታ በኋላ ለሚስት አባት ብዕር ማንሳት ከባድ ነው። በቃል ካጠፋሁ ከወዲሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

«ልጄን መቼ ትልካታለህ?» ላሉት፣ አባቴ፣ ልልካት አልችልም። እምቢታ እንዳይመስልብዎ ምክንያቱን ልንገርዎ። አይናዲስ ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። በታኅሣሥ ሁለት ጊዜ ደም ታያት። በወር አንዴ ከጎንደር ወደኛ የሚወርደው ዶክተር መርምሯት፣ እንግዴ ልጁ የማህፀኑን በር ዘግቶ ተቀምጧል አለ። በምጥ አትወልድም፤ በኦፕራሲዮን ብቻ ነው። መኪና ላይ ከወጣች ደግሞ መንገዱ ሲያንገጫግጫት ደሟ ሊፈስ ይችላል። ስለዚህ ከአልጋዋ እንዳትርቅ አዟል።

ዶክተሩ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ራሱ ወርዶ ሊሠራላት ፈቃደኛ ነው። ችግሩ ቤቱ ነው። ክሊኒኩ የተሰጠው የቀድሞ የሰሊጥ መጋዘን ሲሆን ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው። በሚያዝያ ከሰዓት ውስጡ አርባ አራት ዲግሪ ይገባል። ማደንዘዣው ኤተር ግን ሠላሳ አምስት ሳይሞላ ይፈላል፤ በሽተኛዋ ሳትተኛ ጠርሙሱ ተንኖ ያልቃል። ጧት ለምን አይሠራም እንዳይሉኝ፤ ደሙ ከጀመራት ሰዓት አይመርጥም። ዶክተሩ ክፍሉን ከሃያ ስምንት በታች አውርድልኝና እኔ እወርዳለሁ ብሎኛል።

እግዜር ሲሰጥ ሙሐመድጣሂር የሚባል ነጋዴ ለሱቁ ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ ያስመጣው ማቀዝቀዣ አለ። አንዱ ክፍል ውስጥ፣ አንዱ ውጭ የሚገጠም ነው። ካርቶኑ እንኳ አልተከፈተም። ነገሩን ሲሰማ ለክሊኒኩ ይሁን ብሎ ሰጠን። የሚገጥም ሰው ግን ከዚህ እስከ ሸሕዲ ከተማ የለም። እኔ የእርሻው ትራክተር መካኒክ ነኝ፤ ስለ ሙቀት እንጂ ስለ ብርድ አላውቅም። እርስዎ ግን ሃያ ዓመት የጎንደሩን ሆቴል ማቀዝቀዣዎች በእጅዎ ያኖሩ ሰው ነዎት። በደብዳቤ ያስተምሩኝ።

አክባሪዎ ደምለው


ጎንደር፣ ጥር 19 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለደምለው፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ደብዳቤህን ለሀብትነሽ ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። በመጀመሪያው አለቀሰች፤ በሁለተኛው «ይኼ ልጅ አጻጻፉ ያምራል» አለች። እኔ የማየው አጻጻፉን ሳይሆን ነገሩን ነው።

ሆዴ ውስጥ ያለውን አውጥቼ ልጨርስ። ልጄን የዳርኩት ለአንተ ነው እንጂ ለቆላ አይደለም። የበኩር ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል፤ ያገኘነው ወግ ነው። በ77 ላክልኝ ብዬ ጻፍኩልህ፤ ካልላክህ አማችነታችን ይቅር እስከማለት ደረስኩ። ሳታደርሳት ቀረህ። ቆይተህም ወንዱን ልጅ ወባ ከሆዷ ገደለብን ብለህ በሦስት መስመር አረዳኸኝ። ያን ሦስት መስመር እስከ ዛሬ አልዋጥኩትም። ያም ሆኖ ወግ ከልጄ ነፍስ አይበልጥም። ዶክተሩ ካለው በላይ ቃል የለኝም።

አሁን ወደ ሥራው። ብርድ የሚባል ነገር አይሠራም፤ ይህን ያዝ። ሥራህ ሙቀትን ከአንድ ቤት አውጥተህ ሌላ ቦታ መድፋት ነው። ውስጥ የሚሰቀለው ማሽን ሙቀቱን ይጠጣል፤ ውጭ የሚቀመጠው ይተፋዋል፤ በመካከላቸው ጋዝ በሁለት የመዳብ ቱቦ ይመላለሳል። የቆርቆሮ ቤት ማቀዝቀዝ ግን በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው። ቤቱን ሳታለብስ ካርቶኑን እንዳትከፍት። የክፍሉን ስፋት፣ መብራት የምታገኝበትን ጄኔሬተር አቅም፣ ግድግዳው ወደየት እንደሚዞር ለክተህ ጻፍልኝ። በግምት የሚሠራ ሰው ደብዳቤ እንዳይልክልኝ።

አዛናው


መተማ፣ የካቲት 6 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ፣

የእናንተ ጤና እንደምን ነው? ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እጄ ጭቃ ስለነበር ወረቀት መንካት አልቻልኩም።

ክፍሉ አራት ሜትር በአምስት ነው፤ ረጅሙ ግድግዳ ወደ ሰሜን ይዞራል። ቤቱን አለበስነው። ከቆርቆሮው ወደ ውስጥ አንድ ክንድ ገባ ብለን የማሽላ አገዳ አቆምን፤ በመካከሉ ገለባ ጠቀጠቅን፤ አገዳውን በጭቃ ለቀለቅነው። ለጣሪያው ሣር የሞላንበትን ጆንያ ደርድረን ከሥሩ እሱንም በጭቃ መረግነው። አሠራሩ የእኔ አይደለም። ፈንቴ የሚባል የጎጃም ሰው አለ፤ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ በወባ ተኝቶ ጓደኞቹ ሲመለሱ እዚሁ የቀረ። ያዳነችው የክሊኒኩ ጤና ረዳት ውባንች ናት። ውለታዋን ልክፈል ብሎ የቀን ሠራተኞችን ሰብስቦ ሦስት ቀን ደቦ ወጣ። ጭቃ ሲመርግ አይተውት ቢሆን ይወዱት ነበር፤ በመዳፉ ሲያልፍበት የተወለወለ ያስመስለዋል። ማሽኑ ገና ሳይገባ ሠላሳ ስድስት ሆኗል።

ጄኔሬተሩ እርሻው የጣለው አሮጌ ነው። ፒስተኑን ከሌላ ወስጄ፣ የውስጡን የመዳብ ሽቦ በእጄ ጠምጥሜ አስነስቼዋለሁ። አምስት ኪሎ ዋት ይሰጣል። የማቀዝቀዣውን የመዳብ ቱቦ ግን እንደ ናፍጣ ቱቦ አሸዋ ሞልቼ ልጠፈው ወይ?

አይናዲስ ትበላለች፣ ትስቃለች። ስለ እግሯ እብጠት እማማ በሾፌሩ አፍ ያዘዙትን አድርገናል። ሌላውን ስንገናኝ እነግርዎታለሁ።

ደምለው


ጎንደር፣ የካቲት 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለደምለው፣

እኔ ደህና ነኝ፤ ሀብትነሽም ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። ከተጣለ ብረት ጄኔሬተር ማስነሳትህን ለሆቴሉ ኤሌክትሪሺያን ነገርኩት። አላመነም። እኔም ጉራ እንዳይመስልብኝ ዝም አልኩ እንጂ ደስ ብሎኛል።

ቱቦውን እንደ ናፍጣ ቱቦ አሸዋ ሞልቼ ልጠፈው ወይ ያልከውን ሳነብ ከወንበሬ ብድግ ነው ያልኩት። በፍጹም። አንዲት ቅንጣት አሸዋ ኮምፕረሰሩን ትገድለዋለች። ሆዱ የሰፋ እንስራ ፈልግና ቱቦውን በዚያ ላይ በሁለት አውራ ጣትህ እያባበልክ አዙረው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

የቱቦ አፍ መክፈቻዬን በሾፌሩ ልኬልሃለሁ። ለሰው እጅ ሰጥቼው አላውቅም። ጫፉን እንደ መለከት አፍ ታሰፋዋለህ። ከማስፋትህ በፊት ግን ማሰሪያውን ዳዶ ቱቦው ላይ አስገባ፤ እኔ ሃያ ዓመት ሠርቼ ዛሬም እረሳዋለሁ። አየሩን የሚመጥ ፓምፕ ልልክልህ አልችልም፤ የሆቴሉ ነው። ያለሱ እንዲህ አድርግ፦ የቀጭኑን ቱቦ ቫልቭ ሩብ ዙር ክፈት፤ የወፍራሙን ዳዶ ላላ አድርገህ ተወው፤ ጋዙ አየሩን እየገፋ ፊሽ ብሎ ይወጣል። እስከ አሥር ቆጥረህ ዳዶውን አጥብቀው። ከዚያ የሳሙና አረፋ ቅባ፤ ካፈላ ያፈሳል።

ኤተሩ እሳት ይወዳል፤ ከባድ ስለሆነም ወደ ወለል ይወርዳል። ስለዚህ የውስጡን ማሽን ከፍ አድርገህ ስቀል፤ ማብሪያ ማጥፊያውን ከክፍሉ ውጭ አውጣው። የውጭውን ማሽን በሰሜን በኩል አስቀምጥ። ከፀሐይም ጠብቀው። የእናንተን ፀሐይ ዝና ሰምቻለሁ።

አዛናው


መተማ፣ መጋቢት 17 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ፣

የዛሬ ሰላምታዬ አጭር ስለሆነ አይቀየሙኝ። ማሽኑ ሞቶብኛል።

ትናንት በስድስት ሰዓት አስነሳነው። ቤቱን ሞልቶ የቆመው ሰው ንፋሱን በፊቱ ለመቀበል ተጋፋ። ሙሐመድጣሂር እጁን ዘርግቶ «አልሐምዱሊላህ» አለ። በሃያ ደቂቃ ሠላሳ ሁለት ደረሰ። ከዚያ የውጭው ማሽን ቀጭ ብሎ ቆመ። ስነካው ኮምፕረሰሩ እጅ ያቃጥላል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተነሳ፤ እንደገና በሃያ ደቂቃ ቆመ። ዛሬም እንደዚያው። ዳዶዎቹን ሁሉ ሦስት ጊዜ በሳሙና ፈተሽኩ፤ አንድም አያፈላም። ሽቦውንም ጄኔሬተሩንም ለካሁ፤ ልክ ናቸው። ከፀሐይ ጠብቀው ያሉትንም በትጋት ፈጽመናል። ጥፋቱን ላገኘው አልቻልኩም።

ልደብቅዎ አስቤ ነበር። ቅዳሜ ለታ አይናዲስ እንደገና ደም ታያት። ቆሟል፤ ግን ውባንች ፊቷን አዙራ እጇን ስትታጠብ አየሁ። ዶክተሩ በዚህ ወር ሲወርድ ክፍሉን በቴርሞሜትር ለክቶ ይወስናል። ካልበረደ ሥራው ቀረ ማለት ነው። እባክዎ ቶሎ ይጻፉልኝ።

ደምለው


ጎንደር፣ መጋቢት 21 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለደምለው፣

ሾፌሩ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። «በትጋት ፈጽመናል» ያልከው ምንድን ነው? ምን ሠራችሁበት? ዳስ ከሆነ ግድግዳ አለው ወይ? ካለው ይህን ደብዳቤ አንብበህ ሳትጨርስ አፍርሰው። ማሽኑ የተፋውን ሙቀት መልሶ እየጠጣ ነው። ከፊቱ ሦስት ሜትር፣ ከኋላው አንድ ክንድ ባዶ ይሁን፤ ከላይ ጥላ ብቻ ይብቃው።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ከፀሐይ ጠብቀው ስል እስከምን ድረስ እንደሆነ አልነገርኩህም። ግን አንድ ነገር አስገረመኝ። ቃሌን እንዲህ የምትፈጽም ሰው ከሆንክ በ77 ልጄን ላክልኝ ስልህ ምን ነካህ?

አዛናው


መተማ፣ መጋቢት 27 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ፣

እጅዎን ቁርጥማት አይንካው። ማሽኑ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ቆሞ አያውቅም። አሁን ይህን ስጽፍ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ነው፤ ውጭው አርባ ሁለት፣ ክፍሉ ሃያ ሦስት ዲግሪ።

የሆነውን ልናዘዝልዎ። የየካቲቱን ደብዳቤ ለደቦው ሰዎች በቃልዎ አንብቤላቸው ነበር። የጎንደሩ ባለሙያ ከፀሐይ ይጠበቅ ብለዋል ስላቸው፣ እኔ እርሻ ውዬ ስመለስ ፈንቴና ጓደኞቹ ራኩባ ሠርተው ጠበቁኝ። ራኩባ በኛ አገር ለጥላ የሚሠራ የአገዳ ዳስ ነው፤ ጎኑ ክፍት ነው። ይህ ግን የእርስዎ ትእዛዝ ስለሆነ አራቱንም ጎን ዘግተው፣ ቀዳዳውን በጭቃ ደፍነው፣ ዶሮ የምታልፍበት በር ብቻ ተዉለት። እኔም አየሁት። መካኒክ ነኝ፤ ራዲያተሩን የታፈነ ትራክተር ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ግን የሚስቴ አባት ያዘዙትን ነገር ትክክል ነው ወይ ብዬ ለመጠየቅ አልደፈርኩም። ደብዳቤዎን ጮክ ብዬ ሳነብላቸው ፈንቴ ጭቃውን እየናደ «ጌቶች፣ እኛ እኮ ማሽኑ እንግዳ መስሎን ነው ቤት የሠራንለት» አለ። እስካሁን ይሳቃል።

ዶክተሩ ቴርሞሜትሩን ሁለት ጊዜ አራግፎ ለካ። ከዚያ ወጥቶ የቱቦውን አጠጣጠፍ አየና ይህን ማን ሠራው አለኝ። አማቼ በደብዳቤ አልኩት። ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ጀምሮ ሳምንት ሙሉ ሊቀመጥ ቃል ገብቷል። አይናዲስን በአልጋዋ ተሸክመን ክፍሉን ብናሳያት ጋቢ አምጡልኝ አለች። በመተማ ጋቢ ሲጠየቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ስለ 77 ለጠየቁኝ፣ አይናዲስ በሰላም ከተገላገለች በኋላ ብንነጋገር ይሻላል። እባክዎ አይዘኑብኝ።

ደምለው


ሳንጃ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ። ይህ ደብዳቤ ከሳንጃ መሆኑን ሲያዩ እንደሚደነግጡ አውቃለሁ። ሐሙስ ዕለት ሁለት ትራክተር ይዘህ ሳንጃ ውረድ ተብዬ ታዘዝኩ። ሚስቴ ልትወልድ ነው ብል የሚሰማኝ አላገኘሁም፤ ዘመኑን ያውቁታል። በጎንደር ሳልፍ ከቤትዎ በር ልደርስ ነበር፤ አላስቆሙንም። እስከ ግንቦት አጋማሽ አልለቀቅም።

ጄኔሬተሩን ማስነሳት ለውባንች አሳይቻታለሁ። ነገር ግን በኦፕራሲዮኑ መካከል ማሽኑ ቢቆም የሚያውቅለት ሰው መተማ ውስጥ የለም። ቆላ እግሬ አይረግጥም ብለው መማልዎን አውቃለሁ። አማች ከሚስቱ አባት የሚጠይቀው ነገር እንዳልሆነም አውቃለሁ። አባቴ፣ እኔ በሌለሁበት ይውረዱልኝ። ከእርስዎ በቀር የምለምነው የለኝም።

ደምለው


መተማ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ ለደምለው፣

ሌላው ይቆይና የምትፈልገውን ልንገርህ፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። ሴት ልጅ ናት። ማክሰኞ ከሰዓት ተወለደች። አይናዲስ ደም ፈሷት ነበር፤ ዛሬ ግን ተቀምጣ አጥሚት ጠጥታለች። ለልጅቷ ስም አላወጣንላትም፤ ስም የሚያወጣው አባት ነው፤ እየጠበቅንህ ነው።

ቶሎ ስላልጻፍኩልህ ይቅርታ። የጻፍኩትን ሦስት ጊዜ ቀደድኩ።

ደብዳቤህ በደረሰኝ ማግሥት ተነሳሁ። ሀብትነሽ መሐላህስ አለችኝ፤ ለንስሐ አባቴ እነግራለሁ አልኳት። እንደደረስኩ ወደ ልጄ ከመግባቴ በፊት ሥራህን ዞሬ አየሁት። ስሕተት ልፈልግልህ ነበር፤ አልዋሽህም። ቱቦው የትም ቦታ አልተጨፈለቀም። የውሃ መውረጃው ልኩን ጠብቆ ያዘቀዝቃል። ዳዶውን በሳሙና ቀባሁት፤ ዝም አለ። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባላል፤ እኔ ግን ሃያ ዓመት ይህን ሥራ አይቻለሁና የማመሰግነውን አውቃለሁ። በሆቴላችን ከገጠምኳቸው ከሦስቱ ሁለቱ የአንተን አያህሉም። ሰው በደብዳቤ ይህን መማር ከቻለ እኔ ያስተማርኳቸው ተለማማጆች ምን ይሉኛል?

ኦፕራሲዮኑ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ደሙ በድንገት ስለጀመራት ዶክተሩ ሊሠራት የግድ የሆነው በስምንት ሰዓት፣ በለየለት ሐሩር ነው። እኔ ራኩባው ሥር ቁጭ ብዬ እጄን ከማሽኑ ላይ አላነሳሁም። ሙሐመድጣሂር ከአጠገቤ ቆሞ በሃይማኖቱ ይለምናል፤ እኔ በሃይማኖቴ እለምናለሁ፤ ፈንቴ ለጄኔሬተሩ ናፍጣ ያቀብላል። አንድም ጊዜ አልቆመም። ዶክተሩ ሲወጣ ሸሚዙ ደረቅ ነበር። ከእሷ በኋላ ከኮኪት በቃሬዛ የመጣች አንዲት ሴት እዚያው ክፍል ተገላገለች፤ የሷም ወንድ ልጅ ተርፏል። ይህ ቤት ከእንግዲህ የአንተ ብቻ አይደለም።

አሁን የቀደድኩትን ልጻፈው።

በሦስተኛው ቀን ስለ 77 አይናዲስን ጠየቅኋት። አልሸሸችኝም። «አባባ፣ ልጄን ወባ አልገደለውም» አለችኝ። «ደምለው ይዞኝ ወደ እርስዎ ስንመጣ ነው ሸሕዲ አካባቢ መንገድ ላይ የቀረው። ደምለው እንዳልነግርዎ አስምሎኝ ነበር። እሳቸው ካወቁ አይተርፉም ብሎ።»

ለካ ልከሃት ነበር። በስምንት ወሯ፣ ሰሊጥ በጫነ መኪና ላይ፣ ደብዳቤዬ ስለተጻፈ። ቃሌን ሁለት ጊዜ ከወረቀት አንብበህ ፈጸምክ። በአንዱ ማሽን ቆመ፤ ያንን ጽፈህ ነገርከኝ፤ ጭቃው ፈረሰ፤ ተሳቀ። በሌላው ልጅህ ሞተ፤ ያንን ዋጥከው። ሁለት ዓመት ሙሉ ስወቅስህ፣ ቆላ ብዬ፣ ወባ ብዬ ስሰድብህ አቀርቅረህ ሰማኸኝ። በኋላም ብርድ አስተምሩኝ ብለህ ጻፍክልኝ። እንዲህ ያለ ሰው በቤቴ እንዳለ ሳላውቅ ኖሬአለሁ። ይቅር በለኝ፤ ከአንተ ሌላ ይህን ይቅር የሚለኝ የለም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስመለስ ሸሕዲ ላይ እወርዳለሁ። ልጁ ክርስትና ስላልተነሳ በቤተ ክርስቲያን ግቢ እንዳልተቀበረ አውቃለሁ። ያኔ አይናዲስ ራሷን አታውቅም ነበር፤ ውባንችም ከመንገድ ዳር በአንድ ዛፍ ሥር ብቻህን እንደቀበርከው ከመስማቷ በቀር የምታውቀው የለም። ቦታውን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። ከሸሕዲ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ? በቀኝ ነው በግራ? ዛፉ ምንድን ነው? ለክተህ ጻፍልኝ። መልስህ እስኪደርሰኝ ከዚህ አልነሳም።

አባትህ አዛናው